አንድ ስም፣ አራት ቁጥር



ባለፈው ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከደቡብ ወሎ የተላከ ነበር። ላኪዋ ሴት ልጃቸው በኮንትራት ሪያድ ሄዳ በሰው ቤት የምትሠራ እናት ናቸው። ደብዳቤውን የጻፈላቸው ታናሽ ወንድ ልጃቸው ሲሆን ነገሩ እንዲህ ነው። ረመዳን ሊገባ ሰሞን «ልጄ፣ ደመወዝሽን ማዳም ዘንድ አታስቀምጪ። ሁለት ዓመትሽ ሊሞላ ነውና ኮንትራቱን አታድሺ። የወንድምሽ ኒካሕ የሚታሰረው አንቺ ስትመጪ ነው» የሚል የጽሑፍ መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ የተላከው በእናትየው ስልክ ላይ «ልጄ» ተብሎ ወደ ተመዘገበው ስም ነው። የደረሰው ግን ማዳም እጅ ነው።

«ማዳም አማርኛ የት ታውቃለች ብለን ነበር» ይላሉ እናት። ይህ ዛሬ የማያዋጣ ግምት ነው። ጉግል የተባለው ኩባንያ አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው የአማርኛ ጽሑፍ ቀድቶ በዐረብኛ ማንበብ ይችላል። ትርጉሙ እዚህም እዚያም የተዛነፈ ቢሆን እንኳ «ደመወዝ» እና «አታድሺ» የሚሉትን ቃላት ለመረዳት ከበቂ በላይ ነው። በመሆኑም ልጅቱ ስልኳን ለ12 ቀን ተነጠቀች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤተሰቡ ድምጿን ሳይሰማ ቆየ። አልሐምዱሊላህ፣ በኋላ ስልኩ ተመልሶላታል።

የእናትየው ጥያቄ አጭር ነው። «ወደ ልጄ የጻፍሁት እንዴት ወደ ማዳም ሄደ?» ብለውናል። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አለመሆኑን ስለምናውቅ የዚህን ወር ዓምዳችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል።

እንደሚታወቀው ዐረብ ሀገር የሄደች ልጅ ቁጥር አንድ ሆኖ አይቀርም። ስትሄድ የኢትዮጵያ ቁጥሯ አለ። እንደደረሰች የራሷ ሲም ካርድ ስለማይኖራት በማዳም ስልክ «በሰላም ገብቻለሁ» ብላ ትደውላለች፤ ቤተሰቡም በደስታ ያንን ቁጥር በስሟ ይመዘግባል። ወር ሁለት ወር ቆይታ የሳውዲ ሲም ታወጣለች፤ እርሱም ይመዘገባል። ዋትስአፕ ግን በኢትዮጵያ ቁጥሯ እንደተከፈተ ሊቀጥል ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ካርድ ሲያልቅባት በጓደኛዋ ስልክ ትጽፋለች፤ ያም «የልጄ ነው» ተብሎ ከሌሎቹ ጋር ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት «ልጄ» በሚለው አንድ ስም ሥር አራት ቁጥር ይሰበሰባል። ከአራቱ ሁለቱ ልጅቱ እጅ ላይ የሌሉ ናቸው።

ቀድሞ በነበሩት ባለ ቁልፍ ስልኮች ይህ ችግር እምብዛም አይታይም ነበር። ስሙ በሲም ካርዱ ላይ ሲቀመጥ ለአንድ ስም የሚገባው ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ነበርና፣ ሁለተኛ ቁጥር ያላቸው ሰዎች «ፋጡማ 2» ወይም «ፋጡማ አዲሱ» እየተባሉ ይመዘገቡ ነበር። (ሕዝባችን በዚህ ረገድ ብልህ ነው። «አሕመድ ቧንቧ»፣ «ሰዒድ ጨርቅ ተራ» ብሎ የሚመዘግብ ሰው ተሳስቶ ለቧንቧ ሠራተኛው የጨርቅ ዋጋ አይጽፍም።) ስማርት ስልክ ሲመጣ ግን ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ተዘጋጀለት፤ በዚያ ገጽ ላይ የፈለጉትን ያህል ቁጥር መደርደር ይቻላል። ከዚህም አልፎ አንዳንዱ ስልክ ተመሳሳይ ስሞችን ሲያገኝ «እነዚህን ላዋሕዳቸው?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ «እሺ» ይላል፤ «ፋጡማ» እና «ፋጡማ አዲሱ»ም አንድ ይሆናሉ።

መልእክት ስንጽፍ የምንነካው ስሙን ነው። ስልኩ ግን የሚልከው ወደ ስም ሳይሆን ወደ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከአራቱ አንዱን መምረጥ አለበት። አንዳንዱ ስልክ «ወደ የትኛው ቁጥር?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ሳይጠይቅ «ነባሪ» ተብሎ ወደ ተመደበው፣ ወይም ቀደም ሲል ወደ ተጻጻፉበት ቁጥር ይልካል። በአይፎን ላይ ደግሞ የአንድ ሰው የተለያዩ ቁጥሮች በአንድ የውይይት ገጽ ተጠቃለው ሊታዩ ስለሚችሉ፣ ጸሐፊው መልእክቱ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ሳያስተውል ሊልክ ይችላል። እንግዲህ የእናትየው ስልክ አልተበላሸም። ማዳምንም «ልጄ» ብሎ እንዲጠራ ተነግሮት ስለነበር እንደተነገረው አደረገ።

መፍትሔው ምንድን ነው ቢሉ፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ስልክ ከሚያውቅ የቤተሰብ አባል ጋር ቁጭ ብሎ፣ የልጅቱን ገጽ ከፍቶ፣ እያንዳንዱን ቁጥር «ዛሬ ይህ ስልክ ያለው በማን እጅ ነው?» እያሉ መጠየቅ ነው። ጥያቄው «የማን ነበር?» አይደለም። ልጅቱ በራሷ እጅ የያዘችውን ቁጥር ብቻ በስሟ ይተዉት። የማዳምን ቁጥር ከዚያ ገጽ አጥፍተው ለብቻው አዲስ ገጽ ይክፈቱለት፤ ስሙም «ማዳም ሪያድ» ይሁን እንጂ የልጅቱ ስም አይጨመርበት። ስሟ ከተጨመረ ነገ ተመልሶ የመዋሐድ ዕድል አለው። ይህን ቁጥር ፈጽሞ አጥፉት ግን አንልም። ልጅቱ ታማ ወይም ጠፍታ ሲገኝ ቤተሰቡ የሚደውልበት ሌላ በር ላይኖረው ይችላልና። የማዳም ቁጥር የሚደወልበት እንጂ የሚጻፍበት እንዳይሆን ግን በቤት ውስጥ ስምምነት ይደረግ። የጓደኛዋም ቁጥር እንዲሁ በጓደኛዋ ስም ይመዝገብ።

ልጅቱ እጅ ላይ ሁለት ቁጥር ካለ፣ ማለትም የሳውዲው ለመደወያ፣ የኢትዮጵያው ለዋትስአፕ ከሆነ፣ ሁለቱን በሁለት ገጽ መለየት ይሻላል፤ «ልጄ ሳውዲ» እና «ልጄ ዋትስአፕ» ብሎ። በአንድ ገጽ ይሁኑ የሚል ካለ ግን በብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ቁጥሩን ተጭኖ ሲቆዩ «ነባሪ» ለማድረግ የሚያስችል ትእዛዝ ይመጣልና፣ የሳውዲውን ነባሪ ማድረግ ይቻላል። እኛ የመጀመሪያውን መንገድ እንመርጣለን። ነባሪ የተባለው ነገር ስልክ ሲቀየር የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ስም ግን ለእናትም ለልጅም ዐይን ይታያል።

ቁጥሩን ማንበብ መልመድም ጠቃሚ ነው። በ966 የሚጀምር የሳውዲ፣ በ971 የኤምሬትስ፣ በ965 የኩዌት፣ በ974 የኳታር፣ በ961 የሊባኖስ ነው። የእኛ 251 ነው። አንዱ ቁጥር በ09 ተጽፎ፣ ሌላው በ+2519 ተጽፎ ቢገኝ ቀሪዎቹ አኃዞች አንድ ከሆኑ ያው አንድ ቁጥር ነውና፣ ሁለት ሰው መስሏቸው አይደናገሩ። በዚያው አጋጣሚ ልጅቱ በእርሷ ስልክ ላይ የእናቷን ቁጥር እንዴት እንደመዘገበች ይጠይቋት። በ09 ከጻፈችው ከሪያድ ሆና ስትደውል ላይሠራላት ይችላል። ዜሮውን ትታ በ+251 እንድትመዘግበው ይንገሯት። አንዳንድ ልጅ «ለእናቴ እደውላለሁ አይገባም» እያለች የምታለቅሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ከኢትዮ ቴሌኮም በተጨማሪ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 በሀገራችን ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአንድ ቀፎ ሁለት ሲም የሚይዝ ሰው መብዛቱን ማስታወስ ይገባል። 09 እና 07 ያለው ሰው መልስ ሲሰጠን ከሁለቱ በየትኛው እንደሚሰጥ አናውቅም። ሲልክ በ09፣ ሲመልስ በ07 ይሆንና አንዱ ወሬ በሁለት ቦታ ተቆራርጦ ይገኛል። እንዲህ ያለ ዘመድ ሲኖረን «የጽሑፍ መልእክት በየትኛው ልላክልዎት?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ከብዙ መምታታት ያድናል። በአማርኛ ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት በአንድ ጊዜ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነውና፣ ከዚያ ያለፈው ተከፋፍሎ እንደሚሄድ፣ አንዳንዴም ቁርጥራጩ በተለያየ ሰዓት እንደሚደርስ ይወቁ። የምሥጢር ነገር የግድ በጽሑፍ መላክ ካለበት አጭር ቢሆን ይመረጣል።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው፣ ስልኩን በዚያች ሰዓት የያዘው ሰው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። ረሱሉላህ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ሮማውያን ንጉሥ ደብዳቤ ለመጻፍ ባሰቡ ጊዜ እነርሱ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። እርሳቸውም ከብር የማኅተም ቀለበት አሠሩ፤ በላዩም ስማቸውና የአላህ መልእክተኛነታቸው ተቀረጸ። ይህን ኢማም ቡኻሪ ዘግበውታል። ደብዳቤው የማን እንደሆነ የሚለይበት ምልክት ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። እናትና ልጅም እንዲህ ያለ ምልክት ሊኖራቸው ይገባል። ከባድ ነገር አይደለም። እናት «አሰላሙ ዐለይኪ ልጄ፣ ያቺ ላማችን ማን ትባል ነበር?» ብለው ይጽፋሉ። መልሱ ትክክል ከሆነ ዋናውን ጉዳይ ይቀጥላሉ፤ ካልሆነ ዝም ይላሉ። ማዳም የላሟን ስም ከየት ታመጣዋለች? ልጅቱም መልእክቱን ካነበበች በኋላ ከስልኳ ላይ እንድታጠፋው አስቀድሞ ይነገራት።

ይኸው ምልክት በተገላቢጦሹም ይረዳል። «እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ፤ ስልኬ ጠፍቶ በአዲስ ቁጥር ነው የምጽፍልሽ፤ በአስቸኳይ ገንዘብ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከማይታወቅ ቁጥር የሚመጣበት ጊዜ ሆኗል። ብዙ እናቶች ወዲያው ቁጥሩን «ልጄ» በሚለው ገጽ ላይ ይጨምሩታል፤ አምስተኛ ቁጥር ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አታላዩ የሚጽፈው ሁሉ በልጃቸው ስም ይታያል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ይዞ የሚመጣ በመጣ ጊዜ ሳናረጋግጥ ሰዎችን እንዳንጎዳ ታዘናል። እንግዲህ ማረጋገጡ በማያውቁት ሰው ላይ መጥፎ ጥርጣሬ ማሳደር አይደለም፤ የታዘዝነው ነው። በቀድሞው ቁጥር ይደውሉ፣ ድምጿን ይስሙ፣ የላሟን ስም ይጠይቁ። በቴሌብርም ሆነ በሌላ መንገድ ገንዘብ ሲላክ ደግሞ «እሺ» ከማለት በፊት በመስኮቱ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ፊደል በፊደል ማንበብ ነው።

ጉዳዩ የዐረብ ሀገር ብቻ አይምሰለን። እዚሁ በየቤታችን የባልና የሚስት ቁጥር በአንድ ስም ሥር መመዝገቡ የተለመደ ነው። «ኡስታዝ» ብሎ የመዘገበው ሰው የኡስታዙንም የባለቤታቸውንም ቁጥር እዚያው ላይ ያኖራል። አንዲት እህት ስለ ሐይድ ወይም ስለ ዒዳ ለኡስታዙ ባለቤት የጻፈችው ጥያቄ ለኡስታዙ ቢደርስ ዐፈር ትሆናለች፤ ሁለተኛም አትጠይቅም። ሳትጠይቅ ስትቀር ደግሞ ዲኗን በግምት ትይዛለች። ለትዳር የታጨችን ልጅ ጠባይ ለማጣራት ለጎረቤት ሴት የተጻፈ መልእክት ለባልየው ደርሶ፣ ባልየው የልጅቱ አጎት ሆኖ ቢገኝስ? እንዲህ ባለ ምክንያት ሁለት ቤተሰብ ሰላም ለመባባል ወራት ሊፈጅበት ይችላል። «ባልና ሚስት ምን ምሥጢር አላቸው፣ በአንድ ቢመዘገቡ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ባልና ሚስት ከሌላው የማይደብቁት ነገር ቢኖራቸው የራሳቸው ጉዳይ ነው። መልእክቱን የጻፈው ሦስተኛ ሰው ግን ምሥጢሩን የሰጠው ለአንዳቸው ነው።

መልእክቱ ከእጅ ካመለጠስ? ተራው የስልክ የጽሑፍ መልእክት አንዴ ከሄደ አይመለስም። በዋትስአፕ የተላከ ከሆነ ግን ከሁለቱም ወገን ለማጥፋት ይቻላል፤ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ነው። በቴሌግራምም ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይቻላል። ተቀባዩ አስቀድሞ ካነበበው ግን ማጥፋቱ ያነበበውን ከልቡ አያወጣለትም። ስለዚህ ደውሎ «መልእክቱ የሌላ ሰው ነበር፤ አማና ነው» ብሎ መናገር ይበልጣል።

የሌላ ሰው መልእክት የደረሰው ሰውስ ምን ያድርግ? በሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ ወደ ሌሎች ቤት ያለ ፈቃድና ያለ ሰላምታ እንዳንገባ ታዘናል፤ በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ የሰውን ነውር መሰለል ተከልክለናል፤ በሱረቱ ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ ደግሞ አማናን ወደ ባለቤቶቹ እንድናደርስ ታዘናል። በስሕተት የተከፈተ መልእክት በስሕተት እንደተከፈተ በር ነው። ሰው በሩን ከፍቶ ቤቱ የእርሱ አለመሆኑን ሲያይ መልሶ ይዘጋል እንጂ «አንዴ ከገባሁ» ብሎ ጓዳውን አያይም። ከመጀመሪያው መስመር የእርስዎ አለመሆኑን ካወቁ እዚያው ላይ ያቁሙ። ለላኪው «ይህ መልእክት ወደ እኔ የመጣው በስሕተት ነው፤ አጥፍቼዋለሁ» ብለው ይጻፉና ያጥፉት። ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ ማሳየት፣ ወደ ጀመዓው የዋትስአፕ መንደር መላክ፣ «አላህ ይጠብቀን፣ እዩ ሰው እንዴት ሆነ» እያሉ ማዘን መስሎ ማሰራጨት የተለመደ ሆኗል። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል እንላለን፤ ሐሜትን የዱዓ ልብስ ማልበስ ነውና።

ከደረሱን ሌሎች ጥያቄዎች አንዱ ስለ ሞተ ሰው ቁጥር ነው። አባት ወደ አኺራ ሲሄዱ ልጆች «አባዬ» የሚለውን ስም ማጥፋት ይከብዳቸዋል። አንዳንዶች የእናታቸውን ቁጥር እዚያው «አባዬ ቤት» ብለው ይጨምሩበታል። ሐዘን ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ሆኖም ሲሙ ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀሙበት ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ ለእናት የተጻፈው የቤተሰብ ጉዳይ በማያውቁት ሰው ስልክ ላይ ይጮኻል። እናትም «አባዬ» ከሚል ስም የመጣ መልእክት ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም።

የሟችን ሲም ለመዝጋት ግን መቸኮል አይገባም። በቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 11ኛው አንቀጽ ውርስ የሚከፋፈለው ኑዛዜና ዕዳ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ሟቹ ያበደሩትና የተበደሩት ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በወረቀት ሳይሆን በስልክ መልእክት ውስጥ ነው። «ሐጂ፣ ያቺን 8,000 ብር ከሰኔ በኋላ አደርሳለሁ» የሚል አንድ መስመር የአንድን ሰው ዕዳ ወይም መብት ይዟል። በመሆኑም ከወራሾች አንድ የታመነ ሰው ይመረጥና ስልኩን ይያዝ። ስለ ገንዘብ የተጻፉትን ብቻ ይፈልግ፤ በወረቀት ላይ ቀኑንና መጠኑን ጽፎ ሁለት ሰው ያስመስክር። የቀረውን የሟቹን የግል መልእክት ሳያነብ ይለፈው። ሲሙ በዚህ መካከል እንዳይዘጋ በየጊዜው ካርድ ይሞላለት፤ ይደወልበትም። ባለ ዕዳዎችና ባለ ገንዘቦች ሁሉ ተጠርተው ሒሳቡ ሲያልቅ፣ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ በየስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር ያውጣ። የእናትም ቁጥር «እማዬ» ተብሎ በራሳቸው ስም ለብቻው ይመዝገብ።